የወንድሜን መኪና አውሮፕላን ሳስመስል

ወንድሜን የገደለው ጉበቱ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰው በሌላ እንዳይጠረጥረኝ ነው። ሐኪሙ ያውቃል፣ የነፍስ አባቱ ያውቃሉ፣ እናቴም ታውቃለች። እኔ ያደረግሁት ሌላ ነው። መግደል አይባልም፤ ምን እንደሚባል ግን እስካሁን የነገረኝ የለም፣ እኔም ሰው ጠይቄ አላውቅም።

መሐል ሜዳ ውስጥ ባትላሜራ ነኝ። የተጋጨ ፓራፋንጎ አቃናለሁ፣ የበሰበሰ በር በአዲስ ላሜራ እቀይራለሁ፣ የአይሱዙ ስፖንዳ እበይዳለሁ። ጋራዤ ከፊት ነው፣ መኖሪያ ቤቴ ከኋላ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ቤቱን የያዘችው እናቴ ናት። ዘጠና ሊሞላት ትንሽ ቀርቷታል፤ ዓይኗ ደክሟል እንጂ ጆሮዋን የሚያመልጠው ነገር የለም።

ወንድሜ በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። ጋሼ ነበር የምለው። ከአካባቢያችን ልጆች መጀመሪያ አውሮፕላን ያበረረ እሱ ነው። እናቴን የአብራሪው እናት እንጂ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። እኔንም የወለደችኝ እሷ መሆኗ ለብዙ ሰው እንግዳ ወሬ ነበር፤ «አንተም የእሳቸው ልጅ ነህ?» ብለው የጠየቁኝን ብቆጥር ቀኑ ይመሻል።

ከጥቂት ዓመት በፊት፣ መስከረም ሲያልቅ፣ መኪናውን በአይሱዙ አስጭኖ መጣ። እሱ ከሾፌሩ ጎን ጋቢና ውስጥ ነበር። ፊቱ ቢጫ ሆኗል፣ ሆዱ ተነፍቷል፣ እጁ ቀጥኗል። ሚስትም ልጅም አልነበረውም፤ የሚሞትበት ቤት ፍለጋ ነው የመጣው። አቅፌ አወረድኩት፣ እናቴ አለቀሰች፣ ከዚያ መኪናዋ የተሸፈነችበትን ሸራ ገለጥን።

መኪናዋን አወቅኋት። የእንግሊዝ ስሪት ናት፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያ የሌላት፣ መሪዋ በቀኝ በኩል። በአብዮቱ ዘመን አንድ እንግሊዛዊ መምህር አገር ለቆ ሲወጣ ለወንድሜ የተዋት ናት። ቀለሟ ተልጧል፣ ወለሏ በዝገት ተበልቷል፣ ቁመናዋ ግን ያው ነው። ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው። በእኛ መንገድ አንድ ኪሎ ሜትር መሄዷም ያጠራጥር ነበር።

«አውሮፕላን አስመስልልኝ» አለኝ፣ ገና ውኃ ሳይጠጣ። «የዱሮውን ዓይነት። ቀለም እንዳትቀባት። አልሙኒየሙ ራቁቱን ያብራ፣ ሪቬቱ ይቆጠር። ሐኪሙ ፋሲካን ካለፍክ ጥሩ ነው ብሎኛል። የጊዮርጊስ ንግሥ ዕለት ራሴ ነድቼ ሜዳው ላይ እገባለሁ።»

የጊዮርጊስ ንግሥ የሚያዝያው ነው፤ ሜዳው ደግሞ ተወልደን ያደግንበት ደብር ሜዳ፣ ከከተማው በእግር አንድ ሰዓት። ሕመሙ ሳይጥለው አንዴ፣ አንድ ቀን ብቻ፣ አገሩ በሙሉ እያየው ሊነዳት ፈለገ። ሌላ ምኞት አልነበረውም።

«አዲስ አበባ ደህና ባለሙያ ሞልቷል» አለ ቀጥሎ። «ቆይቼ ማሠራት ስለማልችል ነው ወዳንተ ያመጣኋት።»

እኔም የምፈልገው አንድ ነገር ነበረኝ። ሥራዬን አይቶ እጅህ ይባረክ እንዲለኝ። ስድሳ ዓመት የሞላው ሰው እንዲህ ያለ ነገር መመኘቱ ያሳፍራል፤ ተመኘሁ።

መኪናዋን ለምን እንዳወቅኋት ልናገር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ አንድ ስልቻ በሶና አንድ ቅል ቅቤ አሸክማ ደብረ ዘይት ላከችኝ። ወንድምህ ከአውሮፕላን ጥገናው ያስገባህ፣ እጅህ ሥራ ይወዳል ብላ ነበር። በአየር ኃይሉ ካምፕ በር ላይ ሆኜ ዘበኛውን ወንድሜን ጥራልኝ አልኩት። ሳይጠራው ራሱ በዚህች መኪና መጣ። አጠገቡ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ዘበኛው «ይሄ ልጅ ወንድሜ ነው ይላል» አለው። ወንድሜ አየኝ፣ ስልቻውን አየ፣ ከዚያ ሴትዮዋን አየ። «የአባቴ አራሽ ልጅ ነው» አለ። «ዕቃውን ተቀበለው።» ለእኔ ደግሞ «ነገ ና» ብሎኝ ነዳ። በማግሥቱ ሄድኩ። በሦስተኛውም ቀን ሄድኩ። ዘበኛው አዝኖልኝ ዳቦውን አካፈለኝና ናዝሬት የሚያውቀው ጋራዥ እንዳለ ነገረኝ። ባትላሜራ የሆንኩት በወንድሜ ሳይሆን በዘበኛው ነው።

ያም ሆኖ ሥራውን በቅን ልብ ነው የጀመርኩት፤ ይህን እግዜር ያውቅልኛል። ከአሮጌ አውቶቡስ ጎን የተነቀለ አልሙኒየም አገኘሁና የመኪናዋን ዝገት ቆርጬ ጥዬ አዲስ ቆዳ አለበስኳት። ከሾፌሩ ራስ ጀርባ እስከ ኋላዋ የሚወርድ ጅራት አበጀሁላት። ወንድሜ ከአሮጌ አውሮፕላን የተፈቱ ስድስት የመለኪያ ሰዓቶች በሣጥን ይዞ መጥቶ ነበር፤ ከመሪው ፊት ያለውን ክሩስኮት ቀድጄ ገጠምኳቸው። ከፍታ መለኪያው ብቻ ይሠራል። መኪናዋ መሐል ሜዳ ጋራዥ ውስጥ ቆማ እሱ አሥር ሺህ ጫማ ይላል። ወንድሜ ያንን አይቶ ሳቀ፤ በሰባት ወር ውስጥ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አንድ ቀን አፍንጫዋ ላይ እንደ አውሮፕላን የሚሽከረከር ትንሽ የእንጨት ማራገቢያ ብናደርግላት አልኩት። «ለልጅ መጫወቻ ከሆነ ሁለመናዋን በጣውላ ሥራት» አለኝ። መኪናቸውን የሚጠብቁ ሁለት ሾፌሮች ነበሩ፣ ተሳሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ሲስቁብህ አብሮ መሳቅ የቆየ ልማዴ ነው።

ላሜራን ከላሜራ የሚሰፋው የአውሮፕላን ሪቬት እንደ እኛ ሪቬት በአንድ ሰው አይመታም። አንዱ ከውጭ በመዶሻ ይመታል፣ ሌላው ከውስጥ በኩል ከባድ ብረት ደግኖ ይይዛል፤ የሪቬቱ ጭራ ብረቱ ላይ ተጨፍልቆ ይጠብቃል። ይህን ያስተማረኝ እሱ ነው፤ አብራሪም ቢሆን በጥገናው ቤት ብዙ አይቷል። ያዥ ስላልነበረኝ ራሱ ያዘ። የሱፍ ዝተት ተከናንቦ መኪናዋ ውስጥ ይቀመጥና ብረቱን በሁለት እጁ ይደግናል። እኔ ከውጭ እመታለሁ። በመሀላችን አንድ ቅጠል ላሜራ ብቻ ነው ያለው፤ አንተያይም።

ምቱ ክንዱ ድረስ ይዘልቃል። ይህን ከመጀመሪያው ቀን አውቄ ነበር፤ ናዝሬት በተለማማጅነቴ ለሚቀጠቅጥ ሰው ብረት ይዤ ስለማውቅ ነው። በመጠኑ ቢመታም ሪቬቱ ይጠብቃል። እኔ ግን እያደር ከመጠን በላይ መምታት ጀመርኩ። ሲያቃስት ልሰማ እጠብቃለሁ፤ አያቃስትም። አንድ ጊዜ እንኳ ቀስ ብለህ ምታ አላለኝም። ከሰዓት በኋላ እናቴ አጥሚት ስታቀርብለት ጽዋው በእጁ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። እናቴ በሽታው ነው ብላ አዘነች። እኔ ግን ምክንያቱን አውቃለሁ፣ እናም ደስ አለኝ። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው።

ኮፈኑን በአንድ ወር ጨረስኩ። ቆንጆ ሆኖ ነበር። ወንድሜ በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ መስመሩን ተከተለ፣ መሀል ላይ ቆመ። «ይሄ ጠማማ ነው» አለ። «እንዲህ ያለ ሪቬት ሰማይ ላይ ሰው ይገድላል። ድስት የምትጠግን መሰለህ?» ሪቬቶቹን አንድ በአንድ በመሮ ቆርጬ አወጣሁና እንደ አዲስ መታሁ። ሦስት ሳምንት ፈጀ። እውነቱን ለመናገር ጠማማ ነበር።

በጥር ወር አንድ ከሰዓት በኋላ በሩን ስንሠራ፣ እሱ ውስጥ እኔ ውጭ ሆነን፣ ድፍረት መጣልኝ። በላሜራው ማዶ ሆኜ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ ደብረ ዘይት የመጣሁ ጊዜ ትዝ ይልሃል? በሶ ይዤ፣ በሩ ላይ?»

«የትኛው በር?» አለኝ።

«የካምፑ በር።»

ያሰበ መስሎኝ መዶሻዬን አወረድኩ። «ብዙ ሰው ይመጣ ነበር» አለ። «በል ምታ፣ ክንዴ ዛለ።»

አልካደም፣ አልዋሸም። ረስቶታል። እኔ አርባ ዓመት ሙሉ በየቀኑ የማየውን ነገር እሱ አንድ ቀን እንኳ ተሸክሞት አላደረም። ቢክድ ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን ጠላሁት፤ ከዚያ በፊት ቅያሜ ነበር፣ ያን ቀን ግን ጥላቻ ሆነ። መዶሻዬን አንሥቼ መታሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። አዘገየሁት። አንዱን በር ስጨርስ ሌላውን ፈታሁ። ጅራቷ አልተመጣጠነም ብዬ ነቀልኳት። ሁለት ቀን እሠራለሁ፣ አምስት ቀን የሰው መኪና ሥር እገባለሁ። በየካቲት ወር የወንድሜ ጠባይ ተለወጠ። ጊዜው እንዳጠረ ከእኔ ቀድሞ ገብቶታል። አንድ ቀን አዲሱን በር በአውራ ጣቱ ዳሰሰና «ይበቃል» አለ። ያ መስመር ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሪቬት መትቼ አላውቅም። ይበቃል። እጅህ ይባረክ አይደለም፣ ጥሩ ነው እንኳ አይደለም። ለበግ ድርቆሽ ሲጣል የሚባል ቃል ነው።

«አይ ጋሼ፣ ጠማማ ነው» አልኩት።

«የቱ ጋ?»

«አንተ አታየው ይሆናል። እኔ አያለሁ። እንዲህ ያለ ሪቬት ሰው ይገድላል።»

መሮዬን አንሥቼ እፊቱ ቆርጬ አወጣኋቸው። ሁሉንም። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሚወድቁትን ያያል። በስተመጨረሻ «እባክህ» አለኝ። ወንድሜ እባክህ ሲል ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም፤ ለማንም ሲል አልሰማሁም። ደጋግሜ ልሰማው ስለፈለግሁ መልስ አልሰጠሁትም። በሚቀጥለው ሳምንትም አለ፣ በመጋቢትም አለ። አንድ ጊዜ እናቴ በረንዳው ላይ ገብስ ስትለቅም ሰማችው። ቀና አለች፣ ወደ እኔ ዞረች፣ ከዚያ ገብሷን መልቀም ቀጠለች።

ፋሲካን አለፈ። ጊዮርጊስ ሲቀርብ መኪናዋ በሮቿና ጅራቷ ባይገጠሙም መሄድ የምትችል ሆናለች። ሞተሯን ከወራት በፊት ነበር ያስነሣሁት። ስለዚህ መሪውን ፈታሁ። «እንደ አብራሪ መሪ ቆዳ ላልብስልህ፣ ቆዳው ከራቤል እየመጣ ነው» አልኩት። ቆዳው መጥቶ ነበር። በመሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ፣ ከመዶሻዎቼ ሥር ተጠቅልሎ ተኝቷል። መሪውን ግድግዳው ላይ ምስማር መትቼ ሰቀልኩት።

የጊዮርጊስ ዕለት ጠዋት ወንድሜ ተላጭቶ ወጣ። የቆዳ ቆቡን አጥልቆ፣ የበረራ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ፣ አሮጌውን የቆዳ ጃኬት ለብሶ። ጃኬቱ ውስጥ ሌላ ሰው ይገባ ነበር። ግድግዳውን አየ።

«ቆዳው አልደረሰም?»

«ነገ ይደርሳል።»

«ያለ ቆዳ አስገባው።»

«መሪው የሚገጥምበት ምልክት ተነቅሏል፣ ያለ ቆዳ አይገባም» አልኩት። ማንም መካኒክ የሚስቅበት ውሸት ነው። እሱም አውሮፕላን ያበረረ ሰው ነው፣ አልተታለለም። ተከራከረኝ እንዳትሉ፣ አልተከራከረም። በቀስታ ሄዶ በር በሌለው ጎኗ ገብቶ ተቀመጠ። መሪ በሌለበት ዘንግ ፊት ለፊት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ቆየ። የሚያልፈው የንግሥ ሕዝብ ዘፈንና እልልታ በጋራዡ በር በኩል ይገባል። ሰው ቆም እያለ አየው፤ አንዳንዶች በስልክ ፎቶ አነሡት። እኔ አንድ ራዲያተር እበይድ ነበር። እናቴ ከደብሩ ጠበል ጻድቅ ይዛ ስትመለስ ዳቦውን አፉ ውስጥ አደረገችለት። ከዚያ ደካማ ዓይኗን ወደ ግድግዳው አቅንታ ጥቂት ቆመች።

ከጊዮርጊስ በኋላ ከአልጋ አልተነሣም። በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ ጠዋት ሞተ። ከሰዓት በኋላ ቀበርነው። ዘመድ ከራቤልም ከዓለም ከተማም እስኪደርስ ተብሎ ለቅሶው ለእሁድ ተቀጠረ።

አሁን ከተማው ድንኳን ጥሎ ያለቅሳል። እናቴ ግን በዱሮው ወግ ካልሆነ አለች። በዱሮው ወግ ትልቅ ሰው ሲሞት ለቅሶው ሜዳ ላይ ነው። ሕዝቡ ክብ ይሠራል፣ የሟቹ ፈረስ ተጭኖ፣ ጠመንጃውና ካባው ተይዞ በመሀል ይዞራል፣ አልቃሿ እያወረደች ሕዝቡ ይቀበላታል። ካህናቱ አይወዱትም፣ ግን ይታገሡታል። ሽማግሌዎቹ «ፈረስ የለው፣ ምኑን እናዙርለት?» ሲሉ እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ፈረሱማ ጋራዡ ውስጥ ናት» አለች። «ለእሁድ ትደርሳለች?»

«ትደርሳለች» አልኩ።

ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ። ከለቀስተኛ ጋር ምንጣፍ ላይ መቀመጥ ሲገባኝ ስመታ ዋልኩ። የፈታኋቸውን ሁለት በሮች ገጠምኩ፣ ጅራቷን መለስኩ፣ የቀሩትን ሪቬቶች በሙሉ መታሁ። ያዥ አልጠራሁም። ብረቱን በጉልበቴ ደግፌ፣ ክንዴን በበሩ አሻግሬ መታሁ። በዚህ መንገድ እንደሚቻል ከመጀመሪያውም አውቅ ነበር። አልሙኒየሙን በአመድና በዘይት ወለወልኩት። ለመሪው ቆዳውን አለበስኩት፣ አንድ ሰዓት አልፈጀም። መዶሻው ደጅ ድረስ ይሰማል። ለቀስተኛው እርስ በርሱ ሲያወራ ሰማሁ፤ «ወንድም እንዲህ ነው፣ ኀዘኑን በእጁ እያወጣ ነው» ይላሉ። ልቤን ደስ አለው።

እሁድ ራሴ ነድቼ ሜዳው ላይ ገባሁ። ሆዷ ሁለት ቦታ ድንጋይ መታ፣ ግን ደረሰች። ደመና አልነበረም። ፀሐዩ ሲያርፍባት ሕዝቡ ዓይኑን ጋረደ። የደንብ ልብሱን ወንበሩ ላይ፣ የቆዳ ቆቡን ክሩስኮቱ ላይ አድርገን በክቡ መሀል ቀስ እያልኩ ሦስት ጊዜ አዞርኳት። ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። አልዋሽም፣ ያን ሰዓት ወንድሜን ረስቼ ነበር። የማየው ሪቬቴን ነበር።

ከእናቴ ፊት አቆምኳት። ከደብረ ዘይት የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ የወንድሜ የበረራ ጓድ የነበሩ፣ ቀረብ አሉና በሩን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«ይህን የሠራው ማን ነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ ወንድሙ።»

«ዕድሜዬን በሙሉ አውሮፕላን ሲጠገን አይቻለሁ» አሉ። «እንዲህ ያለ መስመር አላየሁም። እጅህ ይባረክ።»

አርባ ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነው። የመጣው ከማላውቀው ሰው ነው፣ ግን መጣ፤ ያውም ሕዝብ እየሰማ። ራሴን ስቻለሁ ማለት ይቻላል።

«ስንት ጊዜ ፈጀብህ?» አሉኝ።

«ሦስት ቀን» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። «ከሐሙስ እስከ ትናንት።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ሽማግሌው አድናቆታቸውን ቀጥለው ነበር፣ ምን እንዳሉ አላስታውስም። እናቴ በበትሯ ተደግፋ ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ ቆማለች። «ሦስት ቀን» አለች ቀስ ብላ፣ ለራሷ። ከዚያ አልቃሿን በእጇ ገፋ አድርጋ ወደ ክቡ መሀል ገባች። እናቴ በወጣትነቷ በለቅሶ ግጥም የታወቀች ነበረች፤ ሃያ ዓመት ይሆናል ግን አፏን ከፍታ አታውቅም። እጇን የመኪናዋ ኮፈን ላይ አሳረፈች። ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ሜዳው ግን ጸጥ አለ።

«ሰባት ወር ለመነ በሕይወት እያለ፣
በሦስት ቀን አለቀች አፈር ውስጥ ከዋለ።»

አንዴ አለችው። ወደ እኔ አልተመለከተችም። ሕዝቡ የገባውም ያልገባውም ደረቱን እየመታ ተቀበላት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። በሦስተኛው ላይ የገባቸው ፊቶች ወደ እኔ ሲዞሩ አየሁ። በለቅሶ ወግ የሟች ወንድም ከክቡ ዳር አይቆምም፣ ከተቀባዮቹ ፊት ነው የሚቆመው፤ እናቱ ያወረደችውን ቃል ጮክ ብሎ ካልደገመ ነውር ነው። ደረቴን እየመታሁ ደገምኩት።